ወንበር ሲታዘዝ ልኩም ይጻፍ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጣችሁ የጨረታ ገጾች ላይ የቢሮ፣ የትምህርት ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ዕቃ ግዢ የማይወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። የእንጨት ወንበርን የሚመለከተው መስመር ግን ከአንዱ ማስታወቂያ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም። «የእንጨት ወንበር፣ ጥራቱን የጠበቀ፣ ቫርኒሽ የተቀባ» ይልና ብዛቱን ያስከትላል። የመቀመጫው ከፍታ ስንት ነው? ወደ ውስጥ ምን ያህል ይገባል? መደገፊያው ከየት ጀምሮ የት ያበቃል? አይጻፍም። ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄደ ሰው ሳይለካ ጨርቅ አያስቆርጥም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥበትን ዕቃ ግን በስልክ ላይ ባለ ፎቶ እናዝዛለን። አናጺውም የታዘዘውን ፎቶ ይሠራል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ገዢዎች ከ«ጥራቱን የጠበቀ» ይልቅ ምን ብለው መጻፍ እንዳለባቸው ለማሳየት ነው።

ቤታችን ለመጣ ሰው መጀመሪያ የምንለው «አረፍ ይበሉ» ነው። እዚህ ሐዋሳ ውስጥ ወደ አንዱ የባለ ጉዳይ ማረፊያ ገብቶ የተቀመጡትን ሰዎች እግር ማየት ግን ማን እንዳረፈ ማን እንዳላረፈ ይናገራል። አጠር ያሉ እናቶች ተረከዛቸው ወለሉን አይነካም፤ የጫማቸው ጫፍ ብቻ ይነካል። ሲደክማቸው ወደ ጠርዙ ይንሸራተታሉ፣ ያኔ እግራቸው መሬት ያገኛል፣ ጀርባቸው ግን መደገፊያውን ያጣል። ከዚያ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው በርጩማ ላይ እንዳሉ ሆኑ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው የመቀመጫው ከፍታ ነው። ልኩ የሚወሰደው ከጉልበት በስተኋላ ካለው እጥፋት እስከ ወለሉ፣ ጫማ እንደተደረገ ነው። ይህ ርዝመት ያለ ጫማ ሲለካ በአብዛኛው ሰው ላይ የቁመቱ ሩብ ገደማ ይሆናል። 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኖራታል፤ የጫማው 2 ሳንቲ ሲጨመር 42። 1 ሜትር ከ72 የሆነ ወንድ ከነጫማው 45 አካባቢ ይደርሳል። አንድ ወንበር ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ከሆነ ወደ አጭሩ ማዳላት ይሻላል፤ ረጅም ሰው ዝቅ ያለ ወንበር ሲያጋጥመው እግሩን ወደ ፊት ይዘረጋል፣ አጭር ሰው ግን እግሩን ማስረዘም አይችልም። በእኔ ሚዛን ለሕዝብ መቀመጫ የፊት ጠርዙ ከፍታ 42፣ ቢበዛ 43 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት።

ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው ግን 46 እና 48 ነው። ምክንያቱ ተንኮል አይደለም። ከውጭ የመጣ ባለ ስፖንጅ ወንበር ይለካና በዚያው ልክ የእንጨት ወንበር ይሠራል። ስፖንጅ ሰው ሲቀመጥበት 3 ሳንቲ ያህል ይወርዳል፤ እንጨት አይወርድም። በፎቶው ላይ አንድ ዓይነት የሚመስሉት ሁለት ወንበሮች ሰው ሲቀመጥባቸው የ3 ሳንቲ ልዩነት አላቸው፣ ያ 3 ሳንቲ ደግሞ ተረከዝ መሬት በመንካትና ባለመንካት መካከል ያለው ልዩነት ነው። እግር ሲንጠለጠል የጭኑ ክብደት በሙሉ በመቀመጫው የፊት ጠርዝ ላይ ያርፋል። በጭን ሥር የሚያልፉት የደም ሥሮችና ነርቮች ይጫናሉ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እግር ይደነዝዛል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሰውየው ጀርባውን አስደግፎ እንደተቀመጠ፣ መዳፍን ጠፍጣፋ አድርጎ ከፊት ጠርዙ ላይ በጭኑ ሥር ማስገባት። መዳፉ ሳይታገል ከገባ ከፍታው ደህና ነው። ካልገባ ወንበሩ ለዚያ ሰው ረጅም ነው።

ጥልቀቱ፣ ማለትም ከፊት ጠርዝ እስከ መደገፊያው ያለው፣ ከ40 እስከ 42 ሳንቲ ይበቃል። በመቀመጫው ጠርዝና በጉልበቱ እጥፋት መካከል ቢያንስ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት። የሶፋ መልክ እንዲይዝ ተብሎ 48 እና 50 የሚደረገው መቀመጫ አጭሩን ሰው ሁለት ምርጫ ይሰጠዋል፤ ወይ ጉልበቱን በጠርዙ ማስጫን፣ ወይ መደገፊያውን መተው። ስፋቱ ላይ ብዙ ችግር የለም። ከፊት 44፣ ከኋላ 39 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ክንድ ማሳረፊያ ካለው በሁለቱ ክንዶች መካከል ቢያንስ 48 ይኑር፣ ክንዱም ከመቀመጫው ከ20 እስከ 22 ሳንቲ ከፍ ይበል። ከዚያ በላይ ሲሆን ትከሻ ይሰቀላል።

መቀመጫው ፍጹም ደልዳላ መሆን የለበትም። ከፊት ወደ ኋላ በ42 ሳንቲ ርዝመት ውስጥ 2 ሳንቲ ዝቅ ማለት አለበት፤ ይህ 3 ዲግሪ ያህል ነው። ቀላል ይመስላል፣ ሥራው ግን ትልቅ ነው። መደገፊያን የተደገፈ ሰው ጀርባው ወደ ኋላ ሲገፋ ዳሌው ወደ ፊት ይገፋል። መቀመጫው ደልዳላ፣ ላዩም በሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ የተለሰነ ከሆነ ሰውየው ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ በየአምስት ደቂቃው ራሱን ወደ ኋላ ይጎትታል። ባለ ጉዳዮች ተራ ሲጠብቁ እየተቁነጠነጡ የሚታዩት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ለረጅም ጥበቃ የሚሆን ወንበር ላይ ዝቅታው እስከ 3.5 ሳንቲ ሊደርስ ይችላል። ጎንበስ ተብሎ ለሚጻፍበት ወንበር ግን 1 ሳንቲ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጸሐፊውን ከጠረጴዛው ያርቀዋል።

ወደ መደገፊያው እንምጣ፤ ብዙ ስህተት ያለው እዚህ ነው። ሰው ሲቆም ወገቡ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ጉብጠት አለው። ሲቀመጥ ዳሌው ወደ ኋላ ይዞራል፣ ያ ጉብጠት ይዘረጋል፣ ወገቡ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ይወጣል፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮችም ባልተመጣጠነ ሁኔታ ይጨመቃሉ። ስዊድናዊው ሐኪም ቤንግት ኦከርብሎም በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ መቆምና መቀመጥ ባሳተመው ጥናት የመደገፊያ ዋና ሥራ ወገብን መደገፍ መሆኑን ካስረዳ በኋላ የወንበር ሠሪዎች ሐሳብ ተለውጧል። ወገብ ያለው ከመቀመጫው ከ18 እስከ 22 ሳንቲ ከፍታ ላይ ነው። መጀመሪያ መነካት ያለበትም እሱ ነው።

ይህ እንዲሆን ግን ከተቀመጠው ሰው ዳሌ በስተኋላ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ወንበሮቻችን መደገፊያቸው ከመቀመጫው ጀምሮ እስከ ላይ በጠፍጣፋ ጣውላ ወይም በኮምፔንሳቶ የተዘጋ ነው። የተቀመጠው ሰው መጀመሪያ ዳሌው ከጣውላው ጋር ይጋጫል፣ ከዚያ በላይ ትከሻው ይነካል፣ በመካከል ያለው ወገብ ግን አየር ላይ ይቀራል። ይህን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በተደገፈ ሰው ወገብና በመደገፊያው መካከል እጁን ይስደድ፤ ጡጫው ከገባ መደገፊያው ወገቡን አልያዘም። መፍትሔው ወጪ የለውም፣ እንዲያውም እንጨት ይቆጥባል። ከመቀመጫው በላይ 15 ሳንቲ ባዶ ይተው። ቀጥሎ 7 ሳንቲ ስፋት ያለው አግዳሚ ይግባ፣ መሐሉ 18 ወይም 19 ሳንቲ ላይ ይውላል። ሁለተኛው አግዳሚ ከ32 እስከ 39 ባለው ይግባ። ከዚያ በላይ መሄድ ለዕለት ተዕለት ወንበር አያስፈልግም፤ መደገፊያው ከትከሻ አጥንት በታች ሲያበቃ ክንድ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል። እስከ ራስ የሚደርሰው ረጅም መደገፊያ ለሥነ ሥርዓት ወንበር ያምራል እንጂ ለምሳ ወይም ለጽሕፈት የሚጨምረው ነገር የለም።

አግዳሚዎቹ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ ጎበጥ ያሉ መሆን አለባቸው። 40 ሳንቲ ስፋት ላይ መሐሉ 4 ሳንቲ ወደ ኋላ ቢገባ ጀርባን ያቅፋል። ይህን ከአንድ ወጥ እንጨት ለማውጣት 6 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ ይፈልጋል፣ ብዙውም ፍልጥ ሆኖ ይቀራል። ቆጣቢው መንገድ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን አራት ስስ ቁራጮች በኮላ ደራርቦ በቅርጽ ማውጫ ላይ በሞርሴቶ (በማጥበቂያ ብረት) አጥብቆ ማሳደር ነው። ቅርጽ ማውጫው ከሚፈለገው ጉብጠት ጥቂት እንዲብስ ተደርጎ ይሠራ፤ ሲለቀቅ ትንሽ መመለሱ አይቀርም። መደገፊያውን በቁም ዘንጎች መሥራት የሚወዱ አሉ። ሲሠራ ያምራል፤ ነገር ግን የዘንጎቹ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ መካከለኛው ዘንግ ልክ አከርካሪው ላይ ያርፋል፣ አጥንቱንም አንድ በአንድ ይቆጥረዋል። ስድስት ወይም አራት ይሁን፣ አከርካሪው በሁለት ዘንጎች መካከል ባለው ክፍተት ይለፍ። በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ያለው ማዕዘን ለመመገቢያና ለሥራ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ፣ ለማረፊያ 105 ዲግሪ ገደማ ይሁን። 90 ዲግሪ የተደረገው፣ አናጺው የማዕዘን ብረቱን እንዳለ ስላኖረበት ብቻ ነው።

የመቀመጫው ላይኛ ፊት ጥቂት ቢቦረቦር ደረቅ እንጨትም ይመቻል። ሰው የሚቀመጠው ከታች ባሉት ሁለት አጥንቶች ላይ ነው፤ በመካከላቸው ከ11 እስከ 13 ሳንቲ ያህል አለ። ጉድጓዱ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ጥልቀት ይኑረው፣ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ ግን በመቀመጫው መሐል ሳይሆን ከኋላ ጠርዙ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ላይ ይሁን። መሐሉ ላይ የተቦረቦረ መቀመጫ ሰውን ከመደገፊያው ያርቀዋል። የፊት ጠርዙ በመላጊያ ከላይ ክብ ይደረግ፤ ጣት ሲሄድበት ማዕዘን መሰማት የለበትም። የጅማን ባለ ሦስት እግር ወንበርና በርጩማ የሠሩ እጆች ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ፣ ያለ ምንም መጋጠሚያ፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሎ ይወጣል። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ምንም ያህል ወጣ ገባ ቢሆን አይነቃነቅም። ለአፈር ወለል ከዚህ የተሻለ አልተሠራም።

ስፖንጅ የወንበርን ስህተት ይሸፍናል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። ከፍታው የተሳሳተ ወንበር ላይ ስፖንጅ ሲጨመር ከፍታው ይብሳል። ርካሹና ቀላሉ ስፖንጅ በወራት ውስጥ ይሟሽሽና ሰውየው ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ላይ በሐዋሳ ሙቀት ሰው ሠራሽ ቆዳ ላብ ያስይዛል። ለእኛ አየር 4 ወይም 5 ሳንቲ ስፋት ያላቸው ሸንተረሮች፣ በመካከላቸው 8 ሚሊ ክፍተት የተደረገባቸው፣ ከስፖንጅ ይሻላሉ።

የወንበሩ ልክ ከጠረጴዛው ተነጥሎ አይታይም። ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው ላይኛ ፊት ከ27 እስከ 30 ሳንቲ መሆን አለበት። ወንበሩ 43 ከሆነ ጠረጴዛው 72 ይሁን። በጠረጴዛው ሥር ያለው የጠርዝ አግዳሚም ይታሰብ፤ ከመቀመጫው እስከ እሱ ቢያንስ 17 ሳንቲ ካልቀረ ጭን አይገባም። 72 ከፍታ ያለው፣ 2.5 ሳንቲ ገበታ የለበሰ ጠረጴዛ ከ9 ሳንቲ የበለጠ አግዳሚ አይችልም። ምግብ ቤት ውስጥ ሰው ጎኑን ለጠረጴዛው ሰጥቶ ሲበላ ከታየ አግዳሚውን መለካት ነው።

ስለ ልጆች ስናነሣ ነገሩ ይከብዳል። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተመሳሳይ ልክ ያለው ዴስክ በአንድ ጨረታ መግዛት የሰባት ዓመቱንም የዐሥራ አራት ዓመቱንም ልጅ በአንድ ጫማ እንደ ማስኬድ ነው። የአውሮፓው የትምህርት ቤት ወንበር ደረጃ፣ ኢኤን 1729፣ ልኮቹን በቁመት ይከፍላል። ቁመቱ ከ108 እስከ 121 ሳንቲ ለሆነ ልጅ መቀመጫው 31፣ ጠረጴዛው 53። ከ119 እስከ 142 ለሆነ 35 እና 59። ከ133 እስከ 159 ለሆነ 38 እና 64። ከ146 እስከ 176 ለሆነ 43 እና 71። ልኮቹ የሚደራረቡት የልጆች እግር በቁመት ብቻ ስለማይወሰን ነው። እኛ አራቱንም ማሟላት ባንችል እንኳ ለታችኞቹ ክፍሎች 33፣ ለላይኞቹ 39 ሳንቲ ተብለው ሁለት ልኮች ቢታዘዙ ዋጋው በምንም አይጨምርም፤ እንዲያውም አጭሩ እግር እንጨት ይቀንሳል። ልኩ በዴስኩ ሥር በቀለም ይጻፍበት፣ ካልተጻፈ በአንድ ዓመት ውስጥ ይደባለቃል። መቀመጫና ጠረጴዛው በአንድ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ የጠረጴዛው ጠርዝ ከመቀመጫው ጠርዝ ጋር ትክክል ወይም 3 ሳንቲ ያህል ወደ ልጁ ገባ ያለ ይሁን። ከተራራቁ ልጁ በደብተሩ ላይ ይተኛል።

አሁን ስለ ጥንካሬ። እንጨት ስናነሣ ሁሉም ዋንዛ ይላል። ዋንዛ ሲሠራ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም ግሩም እንጨት ነው። ነገር ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሀገራችን ጥድ ጥበቃ የሚደረግላቸው ዛፎች ናቸው። ጨረታ ላይ «ዋንዛ» ብሎ መጻፍ ገበያውን ወደ ሕገ ወጥ ቆረጣ ይገፋዋል። ለእግርና ለአግዳሚ በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ለመቀመጫና ለመደገፊያ ግራቪሊያ ይበቃል። የፈረንጅ ጥድ ቀላልና ቀጥ ያለ ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ እግሩ ወፈር ማለት አለበት፣ ጉጥ ያለበት ቁራጭም በመጋጠሚያ አካባቢ አይግባ።

ባሕር ዛፍን የሚያስወቅሰው የአደራረቅ ጉድለት ነው። ግንዱ ውስጥ ተወጥሮ የቆየ ኃይል አለ፣ በመጋዝ ሲሰነጠቅ ጣውላው ወዲያው ይጎብጣል፣ ጫፉም ይተረተራል። የግንዱ እምብርት ያለበት ቁራጭ ይውጣ። ጣውላው እንደተሰነጠቀ ሁለቱም ጫፎች በቀለም ይደፈኑ፣ ውኃ በጫፍ በኩል ከጎን ይልቅ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣልና። ከዚያ በጥላ ሥር፣ ከመሬት 40 ሳንቲ ከፍ ብሎ፣ በየድርድሩ መካከል 2 ሳንቲ መለያ እንጨት እየገባ ይደርደር፤ መለያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ፣ ከላይ ድንጋይ ይጫንበት። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ሲያገኘው ላዩ ደርቆ ይቆለፋል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ የግድ አይደለም። ከጣውላው መሐል ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል፤ በ103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደርቃል፤ እንደገና ይመዘናል። 120 ግራም የነበረው 107 ከሆነ የቀነሰው 13 ግራም ነው፤ 13 ለ107 ሲካፈል 12 በመቶ ይመጣል። ለወንበር ከ10 እስከ 12 በመቶ ጥሩ ነው። 20 በመቶ ላይ የተሠራ ወንበር ክረምት ተረክበውት በበጋ፣ በጥርና በየካቲት ይንቋቋል።

ወንበር የሚሞተው በአንድ ቦታ ነው ማለት ይቻላል፤ ከመቀመጫው ሥር የፊቱን እግር ከኋላው የሚያያይዘው የጎን አግዳሚ ከኋላ እግር ጋር በሚገናኝበት። የተቀመጠው ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍ መደገፊያው እንደ ዱላ ሆኖ መጋጠሚያውን ይፈነቅላል። ከመቀመጫው 40 ሳንቲ ከፍታ ላይ 20 ኪሎ ቢገፋ፣ ለሁለት ጎን ሲካፈል፣ 4 ሳንቲ ቁመት ያለው ምላስ (ከአግዳሚው ጫፍ ወጥቶ እግሩ ላይ ባለው ጉድጓድ የሚገባው ክፍል) ላይኛው ጫፉ ላይ በግምት የ130 ኪሎ ጉተታ ያርፍበታል። ምላሱ 6 ሳንቲ ሲሆን ወደ 90 ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ እግሩን እንደ ምሰሶ ከማወፈር ይልቅ አግዳሚውን በቁመት ማሳደግ ይበጃል። የኋላ እግር 4 በ4፣ የጎን አግዳሚ 2.5 በ7.5፣ ምላሱ 1 ሳንቲ ውፍረት፣ 6 ሳንቲ ቁመት፣ እግሩ ውስጥ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ የሚገባ። ጉድጓዱ ከምላሱ 2 ሚሊ ይጥለቅ፣ የተረፈው ኮላ የሚሄድበት ቦታ ያግኝ። ምላሱ በእጅ ተገፍቶ፣ መጨረሻው ላይ በእንጨት መዶሻ ቀላል ምት የሚገባ መሆን አለበት። በእጅ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ኮላ አያድነውም፤ በመዶሻ ኃይል ብቻ የሚገባም እግሩን ይሰነጥቃል፣ ኮላውንም ጠርጎ ያወጣዋል። በአራቱም የውስጥ ማዕዘኖች ማጠናከሪያ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ በሁለት ብሎን፣ ይግባ። ሚስማር መጋጠሚያ ውስጥ አይግባ፤ እንጨቱ ሲሸሽ (ሲኮማተር) እና ሲያብጥ ሚስማሩ ቦታውን ያሰፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ነገር የለም።

የተነቀለ ወንበር ያለው ሰው ምላሱን አውጥቶ በብርሃን ይየው። ኮላው እንደ መስታወት ልስልስ ብሎ ምላሱ ላይ ደርቆ ከተገኘ፣ አንድም የእንጨት ክር ካልተገነጠለ፣ መጀመሪያውኑ አልተያያዘም። ወይ ሰፍቶ ነበር፣ ወይ ኮላው ላዩ ከደረቀ በኋላ ነው የተገጠመው፣ ወይ በሞርሴቶ ሳይጠበቅ ቀርቷል። የእንጨት ክሮች ከጉድጓዱ ግድግዳ ተገንጥለው ምላሱ ላይ ተጣብቀው ከወጡ ኮላው ሥራውን ሠርቷል፤ የሳሳው እንጨቱ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ወንበር አሮጌው ኮላ ተፍቆ፣ ምላሱ ላይ ስስ የእንጨት ልባስ ተጨምሮበት እንደገና ከተጣበቀ ይድናል። በአሮጌ ኮላ ላይ አዲስ ኮላ ማፍሰስ ግን ብክነት ነው፤ የደረቀውን ኮላ አይዘልቀውም።

ሌላው የሚዘነጋው መቀመጫው ነው። 44 ሳንቲ ስፋት ያለው ወጥ ጣውላ ከክረምት ወደ በጋ ሲሻገር 3 እና 4 ሚሊ ሊሸሽ ይችላል። በርዝመቱ አይንቀሳቀስም፤ በስፋቱ ነው። ዙሪያውን በኮላ ከታሰረ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል፣ ወይም አግዳሚዎቹን ይገፋል። ከሥር በብሎን ይያዝ፣ የብሎኑም ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ ይሁን። ቫርኒሹ ከላይ እንደተቀባው ከሥርም ይቀባ፤ አንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ ጣውላ እርጥበቱን በአንድ በኩል ብቻ እየሰጠ እየተቀበለ ይጎብጣል። ሐይቁ ዳር ባሉ መናፈሻዎች ውስጥ የሚታየው የተንጋደደ መቀመጫ ብዙው በዚህ ነው። የእግሮቹም ጫፍ በቫርኒሽ ይጠጣ፤ ወለል በታጠበ ቁጥር ውኃ የሚመጥጡት እነሱ ናቸው።

ክብደትን ከጥንካሬ ጋር ማምታታትም ይቅር። ወንበር ሠሪው ሚካኤል ቶኔት በ1859 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁጥር 14 ወንበር ስድስት ቁራጭ እንጨት፣ ዐሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ ነበረው፤ ተፈታትቶ 36ቱ በአንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር። በዓለም ያሉ ቡና ቤቶች ለትውልድ ተቀመጡበት። አንድ አስተናጋጅ በአንድ እጅ ሊያነሣው የማይችለው ወንበር ወለል ላይ ይጎተታል፣ የሚጎተት ወንበርም ያው መጋጠሚያው ይላላል።

እንግዲህ ጨረታ የሚያወጣ ክፍል የሚከተለውን ሊጽፍ ይችላል። «የእንጨት ወንበር፤ የመቀመጫ ከፍታ ከፊት 42፣ ከኋላ 40 ሳንቲ ሜትር፤ ጥልቀት 41፤ ስፋት ከፊት 44፤ የፊት ጠርዝ ክብ የሆነ፤ መደገፊያው ከመቀመጫው 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ የተተወለት፣ ሁለት የጎበጡ አግዳሚዎች ያሉት፤ የጎን አግዳሚ ቁመት ከ7 ያላነሰ፣ በምላስና በጉድጓድ የተገጠመ፣ ሚስማር የሌለበት፤ የእንጨቱ እርጥበት ከ12 በመቶ ያልበለጠ፤ ሁሉም ፊት የተቀባ። አሸናፊው ብዛቱን ከመሥራቱ በፊት አንድ ናሙና ያቀርባል።» ናሙናው ሲቀርብ ገምጋሚዎች ቆመው ቀለሙን ብቻ አይዩ። አንድ አጭር፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ረጅም ሰው እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ይቀመጡበት። የመዳፉና የጡጫው ፈተና ይደረግ። ከዚያ መደገፊያውን በአንድ እጅ፣ የፊት አግዳሚውን በሌላው ይዞ መጠምዘዝ፤ ጢን የሚል ድምፅ ካለ ይመለስ።

ቀድሞ የተገዙትስ? ብዙዎቹ ይስተካከላሉ፣ ለአንድ ወንበርም ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከፍታው 47 የሆነ፣ መቀመጫው ደልዳላ የሆነ ወንበር ይወሰድ። ደልዳላ ገበታ ላይ ይቁም። በሁለቱ የፊት እግሮች ሥር 2 ሳንቲ ውፍረት ያለው ቁራጭ ይግባ። ከዚያ 6 ሳንቲ ቁመት ባለው ጉማጅ ላይ እርሳስ ተጋድሞ፣ ጉማጁ ገበታው ላይ እየተንሸራተተ አራቱም እግሮች ዙሪያቸውን ምልክት ይደረግባቸው። በምልክቱ ሲቆረጥ ከፊት 4፣ ከኋላ 6 ሳንቲ ይወጣል፤ የፊት ጠርዙ 43 ላይ ይወርዳል፣ መቀመጫውም ወደ ኋላ 2 ሳንቲ ዝቅ ይላል፣ መደገፊያውም አብሮ ይጋደማል። አራቱም ጫፎች ዘመም ብለው ስለሚቆረጡ ወለሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ይተኛሉ። የእግሮቹ ጠርዝ በ2 ሚሊ ይከርከም፣ አለበለዚያ ሲጎተት ይፈነከታል። አንድ ጥንቃቄ አለ። የኋላ እግሮቹ ከመቀመጫው ወደ ኋላ ቢያንስ 5 ሳንቲ ወጣ ካላሉ ይህ አይሞከር፤ ሰውየው ሲደገፍ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ለእነሱ አራቱንም እኩል 4 ሳንቲ መቁረጥ ይበቃል። አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ 76 ከሆነ ከእሱም 4 ሳንቲ መውጣት አለበት፤ ካልሆነ ወንበሩ ተስተካክሎ ሰውየው ትከሻውን ሰቅሎ ይጽፋል።

ከአክብሮት ጋር
የእንጨት ሥራ ባለሙያ፣ ሐዋሳ